አይቸኩሌና የጨለመው ስክሪን

በዴፖው ካሉት የአውቶብስ ሾፌሮች ሁሉ ተሳፋሪ አንጀቱ እያረረ የሚወደው እሱን ነበር። አንጀት የሚያሳርረው ስለማይቸኩል ነው። የሚወደደውም በዚያው ምክንያት ነው። ከኋላ ወንበር «ኧረ ሹፌር፣ ንካው እንጂ!» የሚል ሲነሳ፣ በመስታወቱ አየት ያደርገውና «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላል፤ ከዚያም ጭራሽ ቀዝቀዝ ያደርጋታል። አሮጊት ወደ ፌርማታው ስትሮጥ ካየ ይቆማል። እናት የሕፃን ጋሪ እያጠፈች ከሆነ አጥፋ እስክትጨርስ ይጠብቃል። በዚህ የተነሳ አይቸኩሌ የሚል ስም ወጣለት። ስሙን ያወጣችው አብራው የምትሠራው ትኬት ቆራጭ ናት ይባላል፤ እሷ ግን «እኔ የለሁበትም» ብላ ትምላለች።

ስሙ ቤቱ ድረስ ተከትሎት ገባና ሚስቱም አይቸኩሌ ትለው ጀመር። ትክክለኛ ስሙን የምትጠራው ስትቆጣ ብቻ ስለነበረ፣ ስሙን በሰማ ቁጥር «ደግሞ ምን አጠፋሁ?» ይል ነበር።

ቤታቸው ፎቅ ላይ ነው። ሳሎኑ ጠባብ ሆኖ ሶፋው መስኮቱ ሥር፣ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ፊት ለፊት ግድግዳ ላይ ተቀምጠዋል። ሚስቱ ላውንደሪ ቤት ልብስ ትተኩሳለች። ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ውስጥ ቆማ ስለምትውል፣ ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው ጫማዋን አውልቃ እግሯን የሶፋው ክንድ ላይ መስቀል ነው። አንድያ ልጃቸው ፎቶ ቤት ተቀጥራለች። የሰው ፊት ሳይጠቁር፣ የሙሽራ ቀሚስ ቢጫ ሳይመታው እንዲታተም ኮምፒዩተር ላይ ቀለም የምታስተካክለው እሷ ናት። ጠማማ ቀለም ካየች ዕረፍት የላትም፤ ሰው ቤት ሄዳ እንኳ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ስታይ «ይኼ ሰውዬ ጉበቱን ነው እንዴ የሚያመው?» ትላለች።

ጌም መጫወቻውን ቤት ያመጣችው እሷ ናት። የሥራ ባልደረባዋ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ለሷ ተወላት። አባቷ ጥቁሯን ሣጥን ባየ ጊዜ ከንፈሩን መጠጠ።

«ይኼ የልጆች ነገር አይደለም እንዴ? አንቺ እኮ ትልቅ ሰው ነሽ።»

«ተወኝ አባዬ። አንተም አንድ ቀን ትሞክረዋለህ።»

«እኔ? በሕይወቴ!»

ብዙም አልቆየም። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ የጭነት መኪና ጨዋታ ከፍታ ነበር። ከወደብ ዕቃ ይጫናል፤ ሜዳውን አቋርጦ፣ ተራራ ወጥቶ፣ ጭጋግ ጥሶ ማዶ ባለው ከተማ ይራገፋል። አይቸኩሌ ጋዜጣ የሚያነብ መስሎ በጎን ሲያያት ቆየ። ልጅቷ ጠመዝማዛው ላይ ፍሬን ሳትይዝ ስትገባ ግን አላስቻለውም።

«ተይ! በዚህ ፍጥነት ትገለብጪዋለሽ!»

ገለበጠችው። ጋዜጣውን አጥፎ አስቀመጠና እጁን ዘረጋ። «እስቲ ወዲህ በይው» አለ። ያን ቀን ጆይስቲኩን የያዘ መልሶ አልሰጣትም።

ሌላ ሰው ጌም ሲጫወት ይከንፋል፣ ይጋጫል፣ ይስቃል። አይቸኩሌ ግን እንደ ሥራው ነበር የሚነዳው። ሊታጠፍ ሲል ፍሬቻ ያሳያል። ነፍስ ያለው ነገር በሌለበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀይ መብራት ይጠብቃል። በጎች መንገድ ሲያቋርጡ የመጨረሻዋ ግልገል እስክታልፍ አይነቃነቅም። ልጁ ሆዷን ይዛ ስትስቅ «ምን ያስቅሻል? መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው እንዲህ ነው የሚነዳው» ይላታል።

«ቀኑን ሙሉ ነድተህ መጥተህ፣ ለዕረፍትህ ደግሞ ትነዳለህ?» ትለዋለች ሚስቱ። «እኔ ልብስ የመተኮስ ጌም አምጡልኝ ስል ሰምተህ ታውቃለህ?»

«እዚህ እኮ ከኋላዬ የሚጮህብኝ የለም» አላት።

ጠብ የመጣው በስክሪኑ ነው።

አንድ ቀን ልጅቷ ከሥራ ስትገባ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ተራራው ነጥቷል፣ ሰማዩ ነጥቷል፣ አስፋልቱ አመድ መስሏል። አባቷ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ተረጋግቶ ይነዳል።

«አባዬ! ቴሌቪዥኑን ምን አደረግኸው?»

«ምንም። ትንሽ ብርሃን ጨመርኩበት። ጨዋታው ሲመሽበት ድቅድቅ ነው። የሠሩት ሰዎች አገር መብራት የለም መሰለኝ።»

«ትንሽ? ጥግ ድረስ ገፍተኸዋል እኮ! እየው እስቲ፣ በጎቹ ከመንገዱ አይለዩም።»

«እኔ እለያቸዋለሁ።»

ሪሞቱን ወሰደችና አጠገቡ ተቀመጠች። «ስማኝ አባዬ። ብራይትነስ የሚለውን ስትገፋ ብርሃን የጨመርክ ይመስልሃል። አይደለም፤ ጥቁሩን ወደ ግራጫ ነው የምትወስደው። ሻይ ላይ ውሃ እንደመጨመር ነው፤ ብርጭቆው ይሞላል፣ ጣዕሙ ግን ይሄዳል።» ይህን ብላ ወደነበረበት መለሰችው። ተራራው ተራራ፣ ሰማዩ ሰማይ ሆነ። እሱ ግን ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ወደ ፊት ተጠጋ። «አሁን ምንም አይታይም» አለ።

ከዚያ በኋላ እሷ ስትወጣ እሱ ይገፋዋል፤ እሷ ስትገባ ትመልሰዋለች። እናትየዋ ከመሃል ሆና «እናንተ ሰዎች፣ ይኼ ቴሌቪዥን አንዴ ሙሽራ፣ አንዴ ሐዘንተኛ እያላችሁ አበዳችሁት» አለቻቸው። ልጅቷም ቀለም ሙያዋ ነውና ነገሩን በቁም ነገር ያዘችው። አባቷ የሚጫወተው አብዛኛውን ጊዜ ጀምበር ሳትጠልቅ ስለሆነ ከሶፋው ጀርባ ያለው መስኮት ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል፤ ስለዚህ ወፍራም መጋረጃ ሰቀለች። የቴሌቪዥኑን መስታወት በለስላሳ ጨርቅ ወለወለች። ከዚያ ሴቲንጉ ውስጥ ገብታ ስትፈትሽ እውነተኛ ጥፋት አገኘች። ኤሌክትሪክ እንዲቆጥብ ተብሎ የተሠራ ነገር በርቶ ኖሯል፤ ክፍሉ ጨለም ባለ ቁጥር ቴሌቪዥኑ ራሱ ብርሃኑን ይቀንሳል። መጋረጃውን ስትሰቅል ነገሩ የባሰውም ለዚህ ነበር። አጠፋችው። መጫወቻው ላይ ደግሞ ኤችዲአር የሚሉት ነገር ነበረ፤ ደህና ቴሌቪዥን ላይ ምስሉን ያሳምራል፣ እንደነሱ ዓይነት አሮጌ ላይ ግን ያጨልመዋል። እሱንም አጠፋችው።

«አሁንስ?» አለችው።

አይቸኩሌ አየ። ፊቱ ፈካ። «አሁን ይሻላል። ብዬ ነበር እኮ! ቴሌቪዥኑ ነው ብዬ ነበር!»

ቤቱ ሰላም አገኘ። ሰላሙ ግን የቆየው ጥቂት ሳምንት ነው። ቀስ በቀስ ሪሞቱ ወደ እጁ ተመለሰ፤ ተራራውም እንደገና መንጣት ጀመረ። ልጅቷ ተስፋ ቆርጣ እታች የሚኖረውን ቴሌቪዥን ጠጋኝ ጠራችው። ሰፈሩ ሽቦ ይለዋል፤ ቀጭንም ስለሆነ፣ ሥራውም ስለሆነ። ሽቦ የቴሌቪዥኑን ጀርባ ፈትቶ፣ አየር ነፍቶበት፣ በመለኪያው ነካክቶ መልሶ ገጠመው።

«ይኼ ቴሌቪዥን» አለ እጁን እየጠረገ፣ «ከኔም ከእናንተም ይልቅ ጤነኛ ነው።»

«እና ለምን ይጨልማል?» አለ አይቸኩሌ።

«ለኔ አልጨለመም።»

አይቸኩሌ ሽቦን ሸኝቶ ሲመለስ «ድሮም ይኼ ልጅ ሬዲዮ እንጂ ቴሌቪዥን አያውቅም» አለ።

ቀጥሎ ያለው እሑድ ጨዋታው ራሱን አድሶ ስለነበረ ገና ሲከፈት ሴቲንጉን እንደ አዲስ ጠየቀ። ስክሪኑ ጥቁር ሆነና በላዩ ላይ ሦስት የመኪና ጎማዎች ጎን ለጎን ተደረደሩ። ልጅቷ ጆይስቲኩን ለአባቷ አቀበለችው።

«ይኼን አንተው አስተካክለው፣ ኋላ እንዳትወቅሰኝ። የቀኙ ጎማ ጎልቶ ይታያል። የመሃሉ ደብዘዝ ይላል። የግራው ለጥቂት ነው መታየት ያለበት፤ አለ ወይስ የለም እስክትል ድረስ። እስኪታይህ ግፋውና እዚያ ላይ ተወው።»

ገፋ። ትንሽ ቆየና ደግሞ ገፋ።

«የግራው የቱ ነው?»

«ግራ አንድ ነው አባዬ።»

«ጎማዎቹ ሁለት ናቸው እኮ።»

«አትቀልድ።»

«ምን ያስቀልደኛል? ሁለት ናቸው።»

ልጅቷ ስክሪኑን አየች። መግፊያው ጥግ ደርሷል። ሦስቱም ጎማዎች፣ የግራው ሳይቀር፣ ፍጥጥ ብለው ይታያሉ። ጥቁር የነበረው ሁሉ ግራጫ ሆኗል። አባቷን ልታይ ዞር አለች፤ ፊቱ ላይ የቀልድ ምልክት አልነበረም። አገጩን አስግጎ፣ ቅንድቡን ሰብስቦ ያልታየውን ጎማ ይፈልጋል።

«እማዬ፣ እስቲ አንዴ ነይ!»

እናቷ የሳሙና እጇን አንጠልጥላ፣ መነጽሯን ሳታደርግ ከወጥ ቤት በር ላይ ብቅ አለች።

«ስንት ጎማ ይታይሻል?»

«ሦስት። ምነው፣ አራተኛው ጠፋ?»

የሳቀ አልነበረም። እናትየዋ ከልጇ ወደ ባሏ አየችና ገባት። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«አባዬ» አለች ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አውቶብሱንስ ስትነዳ?»

«አውቶብስ ሌላ ነው። አውቶብስ ቴሌቪዥን አይደለም።» ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ፣ ጃኬቱን አነሳ፣ ደረጃውን በእጁ መደገፊያውን እየዳበሰ ወረደ።

ነገሩ ለሱ አዲስ አልነበረም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። የማታ ፈረቃ ሲደርሰው «ወገቤን» እያለ ከሌሎች ሾፌሮች ጋር መቀያየር ከጀመረ ሰንብቷል። ሲመሻሽ የመጪ መኪና መብራት እንደ ተበተነ ፀጉር ዓይኑ ላይ ይንጨባረርበት ነበር። መጀመሪያ የአውቶብሱ መስታወት ቆሽሾ መስሎት ነበር። ደጋግሞ ሲወለውል ዴፖው ውስጥ ያሉት አጣቢዎች «ሥራችንን አልወደድክልንም እንዴ?» ብለው ተቀይመውታል። ጥቁርና ሰማያዊ ካልሲ አጣምሮ ሲወጣ ሚስቱ ስቃበታለች። እሱም አብሯት ስቋል። ከሹፌርነት በቀር ሌላ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። የዓይኑ ነገር ከታወቀበት ነገ ማን እንደሚሆን ሊያስበው አልፈለገም። ለዚህ ነው ቴሌቪዥኑ ጥፋተኛ ሲገኝ ልጅ የወለደ ያህል ደስ ብሎት የነበረው።

በማግስቱ ምንም እንዳልተባለ ሸሚዙን ለብሶ ወጣ። ልጁ ልትናገር ስትል እናቷ በዓይኗ ዝም አሰኘቻት።

ቀኑ ዳመናማ ነበር፤ ረፋድ ላይ ዝናብ ጣለ። አውቶብሱ ዛፍ ወደሚበዛበት መንገድ ገባ። ቅርንጫፎቹ ከላይ ተገጣጥመው ከሥራቸው ያለውን መንገድ አጨልመውታል። አይቸኩሌ ፌርማታው ባዶ መስሎት ሊያልፍ ነበር።

«ጋሼ! ሰው!»

ትኬት ቆራጯ ናት የጮኸችው። ፍሬኑን ረገጠ። የቆሙት ተሳፋሪዎች ወደ ፊት ተገፉ፤ አንድ ከረጢት ወድቆ ሽንኩርት ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ከአውቶብሱ አፍንጫ ፊት ግራጫ የዝናብ ካፖርት የለበሱ ሴትዮ መንገድ እያቋረጡ ነበር። ምንም አልተረዱም። ጃንጥላቸውን ቀና አድርገው አዩት፤ እንደ ልማዱ ያሳለፋቸው መስሏቸው ፈገግ ብለው ለምስጋና እጃቸውን አነሱለት።

ያቺ ምስጋና ከስድብ ይልቅ ሰውነቱን ቆረጠችው። «ዓይንህን ግንባር ያድርገው!» ብለው ቢረግሙት ይሻለው ነበር።

አውቶብሱን ጥግ አስያዘ። ሞተሩን አጠፋ። ቁልፉን ነቅሎ ተነሳና ወደ ተሳፋሪው ዞረ።

«ወገኖቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ዓይኔ ልክ አይደለም። ሌላ ሾፌር እስኪመጣ ድረስ ትንሽ ታገሡኝ።»

«ስንት ዓመት የታገሥንህ ዛሬ አንሞትም!» አለ አንዱ ከኋላ። አውቶብሱ በሳቅ ተናጋ። አይቸኩሌም ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ትኬት ቆራጯ ይህን አይታ ቁልፉን ከእጁ ተቀበለችና፣ «ጋሼ፣ እዚህ ይቀመጡ» ብላ የራሷን ወንበር ለቀቀችለት። በዚያ ሁሉ ዓመት አብሯት ሲሠራ ከሾፌር ወንበር ሌላ ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነበር።

የዴፖው ስምሪት ኃላፊ ራሱም የድሮ ሾፌር ነው። አይቸኩሌን ቢሮው በር ላይ ሲያየው ከወንበሩ ተነሳ።

«ምነው? ወገብህ ተነሳብህ?»

«ወገቤ ታሞ አያውቅም። ዋሽቼሃለሁ። ዓይኔ ነው።»

ኃላፊው በሩን ዘጋ። «ሰው ነካህ?»

«አልነካሁም። ለጥቂት ነው።»

«ካልነካህ የቀረው ሁሉ መላ አለው» አለ። «ሐኪም ‹ይችላል› እስኪልህ ድረስ መሪ አትነካም። ይኼ ቁርጥ ነው። እስከዚያ እዚህ ከኔ ጋር ሆነህ ሾፌር ታሰማራለህ። አንተ ያሰማራኸው አውቶብስ በሰዓቱ ከወጣ ግን በዓለም ላይ ተአምር የለም አልልም።»

ቤት ሲገባ ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት፤ የካፖርቷን ሴትዮ፣ ምስጋናቸውን፣ ወገቤን እያለ የቀያየረውን። ትቆጣኛለች ብሎ ጠብቆ ነበር። በትክክለኛ ስሙ ጠራችው፤ ድምጿ ግን የቁጣ አልነበረም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለችው። «አንተ እኮ ለአውቶብስ ሙሉ ሰው ትጠነቀቃለህ። ለራስህ ሲሆን ምን ነካህ?»

«ፈራኋ።»

«ምኑን?»

«ጨርሶ ይጠፋል ቢሉኝስ ብዬ።»

እጁን ያዘችው።

ዓይን ክሊኒክ ልጁ ይዛው ሄደች። ሐኪሟ አገጩን መደገፊያው ላይ አስቀምጣ በቀጭን ብርሃን ሁለቱንም ዓይኖቹን ስታይ ቆየችና መብራቱን አበራች።

«የዓይን ሞራ ነው አባቴ። በሁለቱም በኩል። ዓይንዎ ውስጥ ያለው መስታወት ቀስ እያለ ደፍርሷል። ለዚህ ነው ጨለም ሲል የሚያስቸግርዎ፣ መብራትም የሚበተንብዎ። ሊወለወል አይችልም፤ በቀዶ ሕክምና ሊቀየር ግን ይችላል።»

«አይጠፋም?»

«ሌላ ችግር አላየሁም። ደህና ያያሉ ብዬ አስባለሁ።»

አይቸኩሌ ትንፋሹን ለቀቀ። ከዚያ አሰብ አደረገና «ቴሌቪዥኑ ታዲያ ምንም አልነበረም?» አላት።

«የምን ቴሌቪዥን?» አለች ሐኪሟ ግራ ገብቷት። ልጁ አፏን ይዛ ወደ ግድግዳው ዞረች።

መጀመሪያ የቀኝ ዓይኑ ተሠራ። የፈራውን ያህል አልሆነም፤ ቀለም ያለው ብርሃን ከላዩ ሲዋኝ አየ፣ ሐኪሟ «ጨረስን» አለችው። በማግስቱ መሸፈኛው ሲነሳ መጀመሪያ ያየው የሐኪሟን ጋዋን ነው። አፍጥጦ ቀረ።

«ይኼን የመሰለ ነጭ ከየት አመጣችሁት?» አለ።

«ነጭ ሁልጊዜም እንዲህ ነው አባዬ» አለችው ልጁ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ እሱም አየው። እስከዚያን ቀን ድረስ ከዓይኖቿ ሥር የድካም ጥላ እንዳለ አያውቅም ነበር። ቀኑን ሙሉ የሌሎችን ፊት ስታሳምር የምትውል ልጅ፣ ሲያስበው፣ የራሷን ድካም ለማንም ተናግራ አታውቅም። በታክሲው ውስጥ እጇን ይዞ ሄደ።

ሚስቱ በሩን ከፍታ ደፉ ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ፊት ለፊቷ ቆሞ አያት።

«ምን አፈጠጥክ?»

«አየሁሽ።»

«እና?»

«ምንም። ጠቃጠቆ እንዳለሽ ረስቼው ነበር።»

«ግባ ወዲያ!» አለችው፤ ጉንጯ ግን ቀላ። ሲገባም አልተወችውም። «ደግሞ እኔን አረጀሽ በለኝና አሳይሃለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ቴሌቪዥኑን ከፈተችለት። እሱ ባስተካከለው፣ ጥግ ድረስ በተገፋው ብርሃን ነበር የተተወው። አይቸኩሌ በሁለት እጁ ፊቱን ከለለ።

«ኧረ ቀንሱት! ፀሐይ ነው እንዴ ያስገባችሁት?»

ልጅቷ ሪሞቱን አቀበለችው። ራሱ ቀነሰ። ቀነሰና ደግሞ ቀነሰ። ጥቁሩ ጥቁር፣ ቀዩ ቀይ ሆነ። ከዚያ የጭነት መኪናውን አስነሳ። ጨዋታው ውስጥ ጀምበር ጠልቃ ጨለማ ሲወርድ እንደ ልማዱ ወደ ፊት ሊጠጋ ሲል አላስፈለገውም። መንገዱ ይታያል። ከመንገዱ በታች ደግሞ ወንዝ አለ፤ ጨረቃ ውሃው ላይ ትወዛወዛለች። ማዶ ኮረብታው ላይ የመንደር መብራት ተበትኗል። መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ።

«ስንት ጊዜ ያለፍኩበት መንገድ ነው» አለ፣ «ወንዝ እንዳለው አላውቅም ነበር።»

የግራ ዓይኑ እስኪሠራ ድረስ ባሉት ሳምንታት አዲስ ጨዋታ አገኘ። አንዱን ዓይን በእጁ ይሸፍናል፣ ከዚያ ሌላውን። በግራው ዓለም ሻይ የነካው ይመስላል፤ በቀኙ ንጹሕና ሰማያዊ ቢጤ ነው። ዴፖው ውስጥ ስምሪት መስኮት ላይ ተቀምጦ የሚመጣውን ሾፌር ሁሉ እንዲህ ይመረምራል። «አንተ በግራ በኩል ቡና፣ በቀኝ በኩል ወተት ነህ» ይላል። ሽቦንም ደረጃው ላይ አግኝቶት ይቅርታ ጠየቀው። «ሬዲዮ ብቻ ነው የሚያውቀው ብዬ አምቼህ ነበር» ሲለው ሽቦ «ሬዲዮ እንኳ በደንብ አላውቅም» ብሎ ሳቀ።

የኃላፊው ትንቢትም አልቀረም፤ እሱ ባሰማራ ሰሞን አውቶብሶቹ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ዘግይተው ይወጡ ነበር ይባላል።

ከዚያ በኋላ ኃላፊው የዴፖው ሾፌሮች ሁሉ ዓይናቸውን እንዲመረመሩ አደረገ። ማጉረምረሙ ለጉድ ነበር። «አንተ ነህ ይኼን ጣጣ ያመጣህብን!» አሉት አይቸኩሌን። «ዓይናችንን ተውልን!» ብለው የቀለዱበትም፣ የተቀየሙትም ነበሩ። ምርመራው ካለፈ በኋላ ግን ከሁሉም ይልቅ ሲጮህ የነበረው አንድ ረጅም ሾፌር አንድ ቀን ወደ መስኮቱ መጣ። አዲሱን መነጽሩን አስተካክሎ ግራ ቀኝ አየና በመስኮቱ ቀዳዳ እጁን አስገብቶ ጨበጠው። ለምን እንደሆነ አልነገረውም፤ አይቸኩሌም አልጠየቀውም።

የግራ ዓይኑም ተሠራ። ሐኪሟ ደጋግማ ካየችው በኋላ የሚያስፈልገውን ወረቀት ጻፈችለት፤ መጀመሪያ በቀን፣ ኋላም በማታ ወደ መሪው ተመለሰ። የተመለሰ ቀን ትኬት ቆራጯ ተሳፋሪውን ሁሉ አስጨብጭባ ተቀበለችው። ጭብጨባው እስኪያልቅ ብሎ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ከኋላ አንዱ «ንካው እንጂ ታዲያ!» አለ።

አሁን ቤታቸው ውስጥ ስለ ብርሃን የሚጣላ የለም። ጠቡ ሌላ ሆኗል። ሚስቱ አንድ እሑድ «እስቲ እኔም ልያዘው» ብላ ጆይስቲኩን ወሰደች፤ ከዚያ ወዲህ ተራ ካልደረሰኝ ባይ እሷ ናት። በሕይወቷ ብስክሌት እንኳ ነድታ አታውቅም። እግሯን የሶፋው ክንድ ላይ ሰቅላ፣ ሙሉ ጭነት የያዘውን መኪና ቁልቁለቱን ትለቀዋለች። አይቸኩሌ አጠገቧ ተቀምጦ በቀኝ እግሩ ምንጣፉን ይረግጣል።

«አንቺ ሴት፣ ፍሬን! ፍሬን ያዢ! ታጠፊ!»

«ዝም በል። ተሳፋሪ አይናገርም።»

«ፍሬቻስ? ፍሬቻ አታሳዪም?»

«ለማን? ለበጎቹ?» አለችና አጥሩን ጥሳ በስንዴው መሃል ቀጠለች።